የጅግራ ቀለም

ቀለም ቀቢው በጣቱ አንጓ የኋላውን በር ኳኳ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ፤ ቤት ውስጥ ሰው አለ ወይ ብሎ እንደሚያዳምጥ እንግዳ።

«እትዬ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ አጥር?»

«አንተ ዋጋህን ንገረኝ፤ ስድቡን በኋላ ትመርቅልኛለህ።»

«ስድብ አይደለም። ድምፁ ወፍሮብኝ ነው። ላሜራ እንዲህ አይጮህም።»

«ዕድሜ ነው። አንተም እኔን ስታክል ድምፅህ ይወፍራል» አለችው እትዬ ኬክ።

ከፊት ወንበር ላይ ባርኔጣውን በጉልበቱ አድርጎ የተቀመጠው ባሏ ትን እንዳለው ሰው ሳል ጀመረው። ዞር ብላ አየችው። መስኮቱን ዘጋ።

የራሷን ስም የሚጠራው የሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ሁሉ እትዬ ኬክ ናት። ከቤቷ ጓሮ ባለች ጠባብ ኩሽና ውስጥ ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለሰርግ ኬክ ትጋግራለች። ማንም አላስተማራትም፤ እያሳረረች ነው የለመደችው። ትምህርት ቤትም የቆየችው ቁጥር እስክትለይ ድረስ ነው፤ ሚዛን ላይ ግን እስከ ዛሬ ቁጥር ጎድሏት አያውቅም።

መኪናዋ ደግሞ ጅግራ ትባላለች። ሰማያዊ ሆና ነው የተወለደችው። አሁንም ቀለሟ ምንድን ነው ቢባል ያየ ሁሉ ሰማያዊ ይላል፤ ስንተኛው ሰማያዊ ነው ቢባል ግን መልስ የለውም። የሞተር ክዳኗ ላይ የሰማይ አለ፣ በሯ ላይ የደብተር ሽፋን አለ፣ ከጎማዋ በላይ ያለው ቦታ የነርስ ካፖርት ታጥቦ ታጥቦ የደበዘዘውን ይመስላል። በተጫረች ቁጥር ባሏ እየነካካት፣ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ላይ ሲደረብ ነው ሰፈሩ ጅግራ ያላት። እትዬ ኬክ ስሙን ስትሰማ አልተቀየመችም። ጅግራ መልኳ ምንም ቢሆን ሮጣ ታመልጣለች አለች፤ በዚያው ጸና።

እስከ ትናንት ድረስ ስለ ቀለም አስባም አታውቅም ነበር። ትናንት ግን ወደ ትልቁ የሰርግ አዳራሽ ሄዳ ነበር። ኃላፊዋ ቀጠን ያለች፣ ቁልፍ በአንገቷ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት ናት። ኬኩን ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ሁለተኛ ቁራሽ አነሣች። ከዚያ፣ «ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ የአዳራሹን ኬክ ሁሉ እርስዎ ቢሠሩልን?» አለቻት።

ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። እትዬ ኬክ አንድ ሳምንት ሁለት ልደት ታገኛለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት የምድጃውን በር ከፍታ ባዶውን እያየች ትዘጋለች። አዳራሹ በየሳምንቱ ሰርግ አለው። «እሺ» ብላ እጅ ተጨባብጠው፣ እየተጫወቱ እስከ በር ወጡ። ጅግራ እዚያ በትልልቆቹ የአበባ ማሰሮዎች መሀል ቆማለች።

«ይቺ የእርስዎ ናት?» አለች ኃላፊዋ። ፈገግታዋ ባለበት ቀረ።

«የኔ ናት።»

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ይባላል።»

«መኪናዋን ብሉልኝ አላልኩም።»

ኃላፊዋ ሳቀች፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም። እንግዳው ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እዚያ በር ላይ ነው፣ ኬክ የሚገባውም ሰው እያየው፣ እየተጨበጨበለት ነው። «ወይ ትቀባ፣ ወይ ኬኩ በሌላ መኪና ይምጣ። እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለዎት» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ሌላ መኪና የሚባለው ነገር ለእትዬ ኬክ አይዋጥላትም። አንድ ጊዜ ታማ ኬክ በታክሲ ልካ ነበር። ሲደርስ ሰው የተቀመጠበት ሶፋ መስሎ ነው የደረሰው። ከዚያ ወዲህ የምትጋግረውን ራሷ ትነዳለች። የጅግራን የኋላ ወንበር አስነቅላ፣ ጣውላ አስደልድላ፣ ጣውላው ላይ እርጥብ ብርድ ልብስ ታነጥፋለች፤ ከኩሽናዋ እስከ ከተማው ዳር ያለውን ጉድጓድ ሁሉ እንደ ዘመዶቿ ታውቀዋለች። እንግዲህ የቀረው መቀባት ነው። ለመቀባት የሚሆን ገንዘብ ደግሞ አላት፤ ችግሩ ለሌላ ነገር የተቀመጠ መሆኑ ነው። መካኒኩ ከኋላ ያሉት ሁለቱ አሞርዛተሮች ዘይታቸውን ጨርሰዋል፣ መኪናዋ ጉብታ ስታልፍ ንጥረቷን የሚይዝላት የለም ብሏታል። ለእነሱ ነበር ያጠራቀመችው።

ለዚህ ነው ዛሬ ጠዋት ባሏን ይዛ ርካሽ ቀለም ቀቢ ፍለጋ የመጣችው።

ቀለም ቀቢው ጅግራን አንድ ጊዜ ዞራት። እጁ እስከ ክንዱ የተቀባ ነው፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ብርማ።

«ሁለት መንገድ አለ» አለ። «አንደኛው በቀላሉ ነው። ላይ ላዩን በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ፣ መስታወቱን በጋዜጣ ሸፍኜ፣ በአንድ ቀን እነፋታለሁ። ከሩቅ ያያት አዲስ ናት ይላል።»

«ከቅርብ ያያትስ?»

«ከቅርብ አያሳዩዋት።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛው ሁሉን ልጦ፣ ላሜራውን አውጥቶ፣ ከሥር መጀመር ነው። እሱ ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። እውነቱን ለመናገር ለእንዲህ ዓይነቷ አልመክርም፤ ለአሮጊት የሙሽራ ቀሚስ እንደማሰፋት ነው።»

«አሮጊት አታግባ ያለ ማን ነው? የመጀመሪያውን በስንት?»

ነገራት። ጆሮዋን እንደነከሳት ሁሉ ፊቷን አጨፈገገች። እሱም ቀነሰ። እሷም ትንሽ ጨመረች። ባሏ መስኮቱን በስሱ ከፍቶ ሲያዳምጥ ቆየና፣ «አንቺ፣ እንዲሁ ብትቀርስ?» አለ።

«ዝም በል። አዳራሽ አትፈልግም?»

«አዳራሹንማ እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያው ዝም በል።» ወደ ቀለም ቀቢው ዞረች። «ተስማምተናል። መጀመሪያ ግን መዳፍ የምታህል ቀባና አሳየኝ።»

«እትዬ፣ ማሽን አስነሥቼ ለመዳፍ?»

«ጨርቅ ስገዛ እንኳ ጫፉን አርጥቤ ቀለሙ እንዳይለቅ አይቼ ነው። ኬክም አስቀምሼ ነው የምሸጠው። አንተ ከኬክ ትበልጣለህ?»

ባሏ ከውስጥ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ንፋላትና ተገላገል» አለው። ቀለም ቀቢው ሳቀ። የኋላውን በር ጥግ አሸት አሸት አደረገ፣ አቧራውን ጠረገ፣ ቀለሙን በማቅጠኛ ፈሳሽ በጠበጠ፣ መሣሪያውን አስነሣና ሁለት ጊዜ ነፋበት።

እንዴት ያምር ነበር። መዳፍ የምታህለዋ ቦታ እንደ ውሃ አንጸባረቀች። እትዬ ኬክ ጎንበስ ብላ ብታይ የራሷን አፍንጫ አየችበት። በልቧ ጅግራ በሙሉ እንዲህ ሆና በአበባ ማሰሮዎቹ መሀል ስትቆም ታያት፤ ኃላፊዋ አንገቷን ስትቆለምም፣ ካሜራ የያዘው ሰው፣ «እስቲ ከሰማያዊዋ መኪና ጋር አንድ» ሲል። የአሞርዛተሩ ገንዘብ ከቦርሳዋ ወጥቶ እጇ ላይ ነበር።

«ቆይ» አለ ቀለም ቀቢው።

ቀለሙ መንቀሳቀስ ጀመረ። መጀመሪያ ጫፍ ጫፉ ሸብሸብ አለ፤ ከዚያ ወደ መሀል ገባ። የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ የሚሠራውን ስልባቦት ሠራ። በአፍታ ውስጥ አፍንጫዋ የታየባት ቦታ የአያቷን ጉንጭ መሰለች።

ቀለም ቀቢው በጥፍሩ ጫፉን ያዝ አደረገውና ሳብ አደረገው። እንደ ድንች ልጣጭ መጣለት። ሥሩ ሌላ ሰማያዊ አለ፤ ከሱ ሥር ሌላ፤ ከሱም ሥር ሌላ። ልጣጩን አሸተተው።

«የዘይት ቀለም ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የብረት በር የሚቀባበት። ድምፁ የወፈረው ለካ ለዚህ ነው። እትዬ፣ ማነው ይሄን የቀባው?»

እትዬ ኬክ ወደ ፊት ወንበር አየች። ባሏ ትምህርት ቤት እንዳለ ተማሪ አንድ ጣቱን አነሣ።

«አሁንም የጊቢው በር ቀለም ነው እንዴ?» አለችው።

«ጠንካራ ነው። በሩ ስንት ዝናብ ችሏል።»

«ከመጀመሪያው በኋላ የመኪና ቀለም ትገዛለህ ብዬ ነው እኮ እኔ።»

«ለጭረት ለጭረት?» አለ ባሏ። «ቆርቆሮው ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ይተርፋል።»

ቀለም ቀቢው ሳቁን ለመደበቅ ቁና ቁና ተነፈሰ፤ አልቻለም፤ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ጋሼ፣ ስንት ዓመትዎ ነው ይህን ሲያደርጉ?»

«መንጃ ፈቃድ ካወጣች ጀምሮ።»

«በየቦታው?»

«በየቦታው ትጫራለቻ።»

ሳቁ ሲያልፍለት ቀለም ቀቢው ተነሥቶ ነገሩን አፍታታው። የሱ ቀለም በዚያ ላይ አይተኛም፣ የትም ቢነፋው እንዲሁ ይሸበሸባል። ልላጠው ካለ ያ ሁለተኛው መንገድ ነው። «ግን ግድ ካሉኝ ላይ ላዩን ስቱኮ ለጥፌ አሳምራታለሁ። ለቅዳሜ ትደርሳለች። ለዝናብ ግን አልምልልዎትም።»

«ከዝናብ በኋላ ምን ትሆናለች?»

«እንደ እባብ ቆዳዋን ትገፋለች።»

«ለቅዳሜ ግን ታምራለች።»

«ለቅዳሜማ ሙሽሪት ራሷ ትቀናባታለች።»

እትዬ ኬክ ገንዘቡን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ የምታደርሰው ኬክ ስላለ፣ አስቤ እመለሳለሁ አለችው። ሞተሩን ስታስነሣ ቀለም ቀቢው በመስኮት ጎንበስ ብሎ፣ «በዘይት ቀለም ላይ የሚተኛው የዘይት ቀለም ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የኔ ሥራ ሳይሆን የጋሼ ነው» አለና እንደገና ሳቁን ለቀቀው። እሷ አልሳቀችም። ሰማችው ግን።

ወደ ዋናው መንገድ ወጡ። ባሏ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር፤ በየሰው ጊቢ እየገባ ቁጥር አይቶ ዝም ብሎ መውጣት የለመደ ሰው ነው። ሲከፋው ደግሞ ዝምታው ይብሳል። ባርኔጣውን በእጁ ያዞረዋል።

«አዳራሹን አጠፋሁብሽ» አለ በመጨረሻ።

«ገና አልጠፋም።»

«ሰው ሲያይሽ ጭረቱ እንዳይታይብሽ ብዬ ነው። 'ሴት ስትነዳ' እያሉ እንዳይስቁብሽ።»

እትዬ ኬክ ማርሽ ቀየረች። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው አርባን አልፋ ነው። በወሰደችው ማግስት ጅግራን ወደ ኋላ ስታስወጣ ከጊቢው በር ጋር አላጋቻት፤ መኪናዋም ተጫረች፣ በሩም ተጫረ። እሷ ኩሽና ገብታ ዱቄት እየነፋች አለቀሰች፤ ሁለተኛ አልነዳም አለች። ጠዋት ስትወጣ ጭረቱ የለም። ባሏ በሩንም መኪናዋንም በአንድ ብሩሽ ቀብቷቸው ነበር። እሷም አይታ እንዳላየች ሆና ገብታ ነዳች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በመሀላቸው ሕግ ሆነ፤ እሷ ትጭራለች፣ እሱ ማለዳ ተነሥቶ ይቀባል፣ ማንም አያነሣውም። ሱቁ ደግሞ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሁለት ጊዜ አምጥቶ አያውቅም።

«ሳቁብኝ እንዴ?» አለችው።

«ማን?»

«ሴት ስትነዳ ብለው።»

«እኔ ፊት አልሳቁም።»

«እንግዲያው ሠርቷል» አለችና በአፍንጫዋ ሳቀች። እሱም ባርኔጣውን ማዞሩን ተወ።

ቤት ደርሰው ኬኩን ጫኑ። ባለ ሁለት ፎቅ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ጡረታ ለምትወጣ ባልደረባው ያዘዘው። ባሏ እንደ ወትሮው ከኋላ ጣውላው ላይ ተቀምጦ የኬኩን ሰሌዳ በሁለት እጁ ያዘ። መንገዱን እሷ ታውቀዋለች፤ ጉድጓዱን በግራ፣ የውሃ ጉድጓድ ክዳኑን በቀኝ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለውን ጉብታ በእግር እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብላ። ቀስ አለች። የፊት ጎማ ወጣ፣ ወረደ። የኋላው ወጣ። ሲወርድ ግን ጅግራ አንዴ ወርዳ አላበቃችም፤ ወረደች፣ ተነሣች፣ እንደገና ወረደች፣ አልጋ ላይ እንደሚጫወት ልጅ ዘለለች።

«ኸረ» አለ ባሏ ከኋላ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም። ኬኩ ባርኔጣውን ወደ ጎን ደፋ አደረገ።»

መኪናዋን ጥግ አስይዛ ወረደች። የላይኛው ፎቅ ተንሸራቷል፤ ሰፈር መሀል ቆሞ እንደሚያፏጭ ጎረምሳ አዘንብሏል። በአንድ ጎኑ ክሬሙ ተገልጦ የውስጡ ቡኒ ታይቷል። እትዬ ኬክ አልጮኸችም፤ ለጩኸትም ጊዜ የላትም። ከመሳቢያው ቢላዋዋንና ሁልጊዜ የማትለያትን የክሬም ከረጢት አወጣች። ባሏ ጃንጥላ ዘርግቶ ፀሐዩን ከለከለላት። የላይኛውን ቀስ ብላ ወደ ቦታው ገፋች፣ የተገለጠውን ሸፈነች፣ በሸፈነችው ላይ አበባ ሠራችበት፣ አንድ አበባ ብቻውን ስለሚያሳብቅ በሌላውም ጎን ሠራች። የሚያልፍ ሰው ቆሞ አይቶ፣ «የመኪና ውስጥ ዳቦ ቤት ነው?» አላት። «መቁረጫው ነው፤ ጣትህን አታስገባ» አለችው።

ስትጨርስ ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችው። ቀጥ ብሏል።

መሥሪያ ቤቱ ሲደርሱ ገና ክላክስ ሳታደርግ ጸሐፊዋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«በመስኮት ነዋ። ጅግራ ስትታጠፍ ፎቁ በሙሉ ሥራ አቆመ። አለቃችን ራሱ፣ 'መጣች፣ ስብሰባውን እናሳጥር' አለ።» ኬኩን ዞራ አየችው። «በሥዕሉ ላይ አበባ ነበረው እንዴ?»

«ጨምሬላችሁ ነው» አለች እትዬ ኬክ።

«ቀጥ ብሎ መጣ?» ብላ ጸሐፊዋ ባሏን ጠየቀችው።

«እንደ ወታደር» አለና ሰማይ ሰማይ አየ።

ወደ መኪናዋ ሲመለሱ እትዬ ኬክ ሞተሩን አላስነሣችም። መሪውን ይዛ ተቀመጠች። ባሏ ወደ ፊት ወንበር ተዛወረ።

«የቅዳሜው ስንት ፎቅ ነው?» አለችው፤ ራሷ ታውቀዋለች።

«አራት።»

«ባለ ሁለቱ ባርኔጣውን ደፋ ካደረገ ባለ አራቱ ምን ያደርጋል?»

«አራተኛው እኔ እቅፍ ላይ ይገባል።»

«የጅግራ ላሜራ እንደ መስታወት ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እያጨበጨበ፣ በሯን ስከፍት ኬኩ የተደፋ ቢሆን ምን ይሉኛል? እንኳን ለመኪናዋ አበቃሽ ነው የሚሉኝ።» መሪውን በመዳፏ መታ አደረገችው። «የምሸጠው ኬክ ነው። ኬኩ ላይ የማይቀመጥ ገንዘብ መኪናዋ ቆዳ ላይ ሊቀመጥ ነው?»

«አዳራሹስ?»

«አዳራሹን እጠይቀዋለሁ። አፍ አለኝ።»

መካኒኩ ጋ ሄዱ። አሞርዛተሮቹን እስኪቀይር ባሏ ሱቅ ደርሶ እመጣለሁ ብሎ ወጣ፤ እሷ ደግሞ ጎማ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ኃላፊዋ ከሁለተኛው ጥሪ በኋላ አነሣች፤ ከጀርባዋ የሳህን ጫጫታ ይሰማል።

«እትዬ፣ ተቀባች?»

«አልተቀባችም። ስሚኝ ልጄ፣ ለቀለም የነበረኝን ገንዘብ መኪናዋ እንዳትነጥር አዋልኩት። ኬክሽ ቅዳሜ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይገባል። ቀለሟን ደግሞ ባሌ በብሩሽ ይቀባታል፤ በበር ቀለም።»

ጫጫታው ራቀ፤ ኃላፊዋ ወደ ጸጥታ ቦታ ሄዳለች።

«መኪና በብሩሽ ይቀባል?»

«በር ይቀባ የለ? መኪናም አራት በር ነው።»

«እትዬ፣ እኔ የተናገርኩት…»

«የተናገርሽውን ሰምቻለሁ፤ ልክ ነሽ፤ በርሽ የሰው ዓይን ያለበት ነው። እኔም ያለኝን ነው የምነግርሽ። ቀለም ቀቢው ለቅዳሜ ብቻ የሚያምር ሊሠራልኝ ይችል ነበር፤ ከዝናብ በኋላ ይላጣል። ያኔ ምን ልትዪኝ ነው? እንቁላሉን ገና አልሰበርኩም። የማይሆን ከሆነ ዛሬ ንገሪኝ፤ አንቀያየምም።»

ኃላፊዋ ጥቂት ዝም አለች። በዚህ ዝምታ ውስጥ በየሳምንቱ የሚሞላ ምድጃ ነበረ፤ በዚሁ ዝምታ ውስጥ ባዶውም ነበረ። ግን ያለችውን አላጠፈችም፤ «ወይም ደግሞ» ብላ አልጨመረችም።

«አንድ ቀለም ትሆናለች?» አለች ኃላፊዋ።

«አንድ።»

«ይደርቃል? የሙሽራ ቀሚስ ቢነካው?»

«ዛሬ የተቀባ በር ነገ አመሻሹ ላይ ልጆች ይንጠለጠሉበታል።»

«እንግዲህ ይምጡ፤ በዓይኔ አያታለሁ።»

«አያታለሁ ማለት እሺ ነው እምቢ?»

«አያታለሁ ማለት አያታለሁ ነው።»

እትዬ ኬክ ስልኩን ዘግታ ለብቻዋ ፈገግ አለች። ሴትዮዋን ወደደቻት። ቃሉን የማያጥፍ ሰው ብርቅ ነው፤ እስከ ዛሬ የምታውቀው ራሷን ብቻ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ በትምህርት ቤቱ ጉብታ ላይ ሆን ብላ አለፈች። ጅግራ ወጣች፣ ወረደች፣ አበቃ። ደግሞ ዞራ ተመለሰችበት።

«ምን ሆነሻል?» አላት ባሏ።

«ጣፈጠኝ።»

ጊቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ገና ነበረች። ባሏ አሮጌውን የመሥሪያ ቤት ጃኬቱን ለበሰ፤ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የነበረበትን፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ያፈሰሰበትን። ከሱቅ አንድ አዲስ ቆርቆሮ ገዝቷል። ከቤት ጀርባ ደግሞ የቀሩትን ሁሉ ሰብስቦ መጣ፤ ሩብ ያላት አለች፣ ጭላጭ ያላት አለች፣ ክዳኗ አልከፈት ያለች አለች። ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ ገለበጣቸው።

«ለምን ትቀላቅላለህ?»

«በየቆርቆሮው ብቀባ ደግሞ ጅግራ ትሆናለች። በአንድ ባልዲ ከሆነ አንድ ሰማያዊ ነው የሚወጣው። ምን ዓይነት እንደሆነ እንጃ እንጂ አንድ ነው።»

በዱላ አማሰለው። ሰማያዊዎቹ መጀመሪያ እንደ እባብ ተጠማዘዙ፤ ከዚያ ተገናኙ፤ ከዚያ ማናቸውም ያልነበሩትን አንድ ረጋ ያለ ሰማያዊ ሆኑ። እትዬ ኬክ ክሬም ሲሰማማ የምታየውን ዓይነት አተያይ አየችው። ቀሚሷን በወገቧ ሸብ አድርጋ መኪናዋን በሳሙና አጠበች፣ አደረቀች፣ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ የተሸበሸበውን የኋላ በር ጥግ እስኪለሰልስ አሸችው።

ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ «እትዬ ኬክ፣ በሩን ነው ወይስ መኪናዋን?» አለች።

«የቀደመውን።»

«አዳራሹ ተገኘ?»

«ያያታል ተብሏል።»

«እሺ አሉ እንዴ?»

«ያያታል ነው የተባለው፤ አትጨምሪበት።»

ባሏ ከሞተሩ ክዳን ጀመረ። ብሩሹን ሲስበው ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ሳያነሣ ነው፤ እጁ አይቸኩልም። ከቅርብ ላየው የብሩሹ መስመር ይታያል፤ የታረሰ ማሳ ይመስላል። ከሩቅ ላየው ደግሞ ሰማያዊ መኪና ናት። ጣሪያውን ጨረሰ። የቀኝ በሮቿን ጨረሰ፤ ቅዳሜ ወደ አዳራሹ የሚዞሩት እነሱ ናቸው። አንዱ ሰማያዊ ሌላውን እየዋጠ ሄደ። እትዬ ኬክ ከኋላው እየተከተለች የፈሰሰውን በጨርቅ ትጠርግለታለች። አንዳንዱን ጭረት ስታየው ታስታውሳለች፤ ይሄ የገበያው ግንብ ነው፣ ይሄ የፍየሉ ነው፣ ይሄ ደግሞ የእሷ ጥፋት አልነበረም፣ ምሰሶው ነው የመጣው።

በመጨረሻ በሾፌሩ በር በኩል ደረሰ። ከእጀታው ሥር ጣት የምታህል፣ ከሁሉም የጠቆረች አንዲት ሰማያዊ አለች። የመጀመሪያዋ ናት፤ ከጊቢው በር ጋር በአንድ ብሩሽ የተቀባችው። ባሏ ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከረ፣ ጠርዙ ላይ አራገፈ፣ ወደዚያ ወሰደ።

«እሷን ዝለላት» አለች እትዬ ኬክ።

ብሩሹ አየር ላይ ቆመ። «አንድ ቀለም ብለሻት የለም እንዴ?»

«ብያታለሁ።»

«ቅዳሜ ካየቻትስ?»

እትዬ ኬክ ጨርቁን እጥፍ አድርጋ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

«ቅዳሜ በዚህ በኩል የምቆመው እኔ ነኝ።»